«እንደ ኮሶ ነው» ያልኩ ለት

ጡረታ የወጣሁ ቀን የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ቤቴ ውስጥ ሦስት ሰዓት አለ፤ አራተኛውን ለልጄ ሰጠሁት። ንግግርም ተደርጎልኛል። ውባለም ድልድያችን ነበረች አሉ፣ አጨበጨቡ፣ ኬክ ተቆረሰ፤ እኔም እንደ ሙሽራ እናት ለሁሉም ስስቅ ዋልኩ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ ግን የቀኝ እጄን መዳፍ ገልብጬ አየሁት። ከዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን የናፈቀኝ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ብርድ ነው የናፈቀኝ። በመዳፍ የሚያዝ የብልቃጥ ብርድ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው፤ አለዚያ አሮጊቷን ነካ አድርጓታል ትሉኛላችሁ።

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ የገባሁት በሱዳን በኩል ከመጡት ቤተ እስራኤላውያን ጋር ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ነበር። እዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሱሪ ኪስ ሰፋሁ። ኪስ ብቻ። ሱሪው አልቆ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። አለቃዬ ከሩማንያ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ዕብራይስጥ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ካስተማረኝ ግማሹ ስድብ መሆኑን የነገሩኝ ግን ሌሎች ናቸው። ብቻ ቋንቋው አፌ ላይ ተቀመጠ።

ያ ሁሉ ወገን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ጊዜ ከተማችን በአማርኛ ሞላች። ሕፃን ያዘለች እናት በየአውቶቡስ ፌርማታው ቆማ የትኛው ቁጥር የት እንደሚሄድ ትጠይቃለች። ጢፓት ሐላቭ የምንለው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያም በሰው ተጨናነቀ፣ አስተርጓሚ ይፈለጋል ተባለ። ሄድኩ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ደመወዙ ከፋብሪካው ያንሳል። ባለቤቴ ከፍ አልሽ ወይስ ዝቅ አልሽ ብሎ ቢጠይቀኝ ቢያንስ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ አልኩት። እሱም ሐሰት ሆነ፤ እንደዚያ ዓመት ቆሜ ውዬ አላውቅም።

የጣቢያው ነርስ ማዛል ትባላለች፤ በዕብራይስጡ አሖት ማዛል፣ ነርስ ማዛል ማለት ነው። ከሞሮኮ በልጅነቷ የመጣች፣ ቂርያት ጋት ገና አቧራ ሳለች የደረሰች፣ አጭር ወፍራም ሴት ናት። በሃያ ዓመት ትበልጠኛለች። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም። እንደ እናቴ የምትሆንን ሴት አንቺ ለማለት አፌ ስንት ጊዜ እንደተሳሰረ እኔ ነኝ የማውቀው። እዚህም አንቺ እያልኩ የምጽፈው ሌላ ብላት ትስቅብኝ ስለነበር ነው።

በመጀመሪያው ቀን የፖሊዮውን ጠብታ ከማቀዝቀዣው በረዶ እንደሆነ አወጣችና ብልቃጡን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። አስተርጓሚ ነኝ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም ልላት ነበር። እሷ ግን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳታቀልጪው፣ ማሞቂያ ላይ እንዳታስቀምጪው፣ ሕያው ነገር ነው፣ በሰው እጅ ሙቀት ነው የሚነቃ አለችኝ። ብልቃጡን በሁለት መዳፌ መሀል እንደ ጥጥ እያንከባለልኩ የሚቀጥለዋን እናት ስም እጠራለሁ። ጣቴ ይደነዝዛል። በረዶው ሲሟሟ ሮዝ ይሆናል። ከዚያ ማዛል ትቀበለኝና የሕፃኑን ሁለት ጉንጭ በሁለት ጣት ጫን አድርጋ ምላሱ ላይ ሁለት ጠብታ ትጥላለች። ሕፃኑ ካልዋጠ ብልቃጡን አታስቀምጥም። ከተፋው እንደገና። ጉሮሮው ሲወርድ በዓይኗ ሳታይ ካርድ ላይ አትጽፍም።

ሌላም ልማድ ነበራት። እናቲቱ ነገሩን ከሰማች በኋላ ማዛል እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና «አሁን አንቺ ንገሪኝ» ትላለች። እናቲቱ የሰማችውን በራሷ አፍ መልሳ ካልነገረቻት አትለቃትም። መጀመሪያ ይህ ልማድ አሳፈረኝ። ትልቅ ሰውን እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ማስቆጠር ምን የሚሉት ነው? እማማ እከሊትን «መልሰው ይንገሩኝ» ማለት በእኛ ዘንድ ንቀት ይመስላል። ስለዚህ ማዛል ሌላ ክፍል ስትሆን እኔ ይህችን ነገር እዘላት ነበር። ልብ በሉልኝ፣ እዘላት ነበር።

እናቶቻችን በዚያን ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። መርፌም ጠብታም ለምን? ለአንድ በሽታ ሁለት መድኃኒት ከተሰጠ አንዱ ውሸት መሆን አለበት። ይህን ለማዛል ብነግራት ሳቀች፤ ከዚያም የራሷን ፎቅ ምሳሌ አድርጋ አስረዳችኝ። መርፌው የመኝታ ቤት ቁልፍ ነው አለች፤ ሌባው ወደ ነርቩ እንዳይደርስ ይዘጋል፤ ልጁም ሽባ ከመሆን ይተርፋል። ነገር ግን ይህ በሽታ የሚገባው በአፍ ነው፣ የሚቀመጠውም አንጀት ውስጥ ነው። መርፌ ብቻ የተወጋ ልጅ ራሱ ደህና ሆኖ እየሮጠ በሽታውን አንጀቱ ውስጥ ይዞ ሊዞር፣ በሽታውም በሰገራው ወጥቶ ለጎረቤት ልጅ ሊተርፍ ይችላል። ጠብታው ግን የፎቁ መግቢያ ላይ ዘበኛ ያቆማል፤ አንጀቱ ራሱ መከላከልን ይማራል። ለዚህ ነው ሁለቱም። በልጅነቷ በድንኳን ሰፈር ሲኖሩ ጎረቤታቸው የነበረች አንዲት ልጅ እግሯ እንዴት እንደቀጠነም ነገረችኝ።

እኔ ገባኝ። እናቶቹን ማስገባት ግን ሌላ ነው። ከጎንደር ገጠር ለመጣ ሰው መርፌ ማለት መድኃኒት ነው፤ ያማል፣ ያሳብጣል፣ ስለዚህ ይሠራል። ጠብታ ደግሞ ምን አላት? ውሃ ነች። ልጃቸው መርፌ ሲወጋ ጸጥ ብለው ያያሉ፤ ጠብታው ሲመጣ ወይ አፉን በነጠላ ይሸፍኑታል ወይ ከበሩ ሲወጡ ጠረግ ያደርጉታል። ዘበኛ ብላቸው፣ ፎቅ ብላቸው ወይ ፍንክች። ፎቅ ከገቡ ገና ወራቸው አይደል?

ማዛል የማታውቀውንም እኔ አስተማርኳት። ሴት ልጅ የወለደች እናት ለምን በቀጠሮዋ እንደማትመጣ አይገባትም ነበር። ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ሳይሞላ የእኛ ሴት ከቤት ወጥታ ሰው መሀል አትቀላቀልም ብዬ ነገርኳት። በማግስቱ የቀጠሮ ደብተሯን አምጥታ የሴት ልጆቹን ቀን አንድ በአንድ እየቆጠርን አዛወርነው። የበላይ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ሠንጠረዡ ተዛባ ብትላት፣ ሠንጠረዡ አያጠባም አለቻት። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

እናም አንድ ቀን ኮሶ ትዝ አለኝ። ጎንደር ውስጥ ኮሶን የማያከብር የለም። የሆድ መድኃኒት ነው፤ መርፌ እንደማያደርገው ሰው ሁሉ ያውቃል። ለአንዷ እናት «ይህ ጠብታ እንደ ኮሶ ነው፤ ወደ ሆድ ወርዶ እዚያው የሚሠራ ነው» አልኳት። ፊቷ በራ። ነጠላዋን አነሳች፣ ልጇ ዋጠ። ለሁለተኛዋም አልኩ፣ ለሦስተኛዋም። ከዚያ በኋላ ጠብታ እንቢ ያለ ሰው አላየሁም። ማዛል ምን ብለሽ ነው ስትለኝ በአማርኛ የሆድ መድኃኒት ብዬ ነው አልኳት፤ እሷም ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ያቺ እኔ ነኝ።

ጥሩዬ የመጣችው በበጋው መሀል ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆን ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን አዝላለች። ልጅቷ ካርዷ ላይ ሐዳሳ ተብላለች፣ ቤት ውስጥ ግን አዲሴ ናት። ሰማንያ ቀኗ እንዲሞላ ቀጠሮዋን ያዛወርንላት ስለሆነች ጥሩዬ ትወደኝ ነበር፤ እቴ ውባለም እያለች እጄን ሳትይዝ አትሄድም። በዚያ ቀን አዲሴ መርፌዋን ወሰደች። ጠብታው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። ሰልፉ እስከ ደረጃው ደርሷል፣ ማዛል ውስጥ ክፍል ናት። እኔም ያችን የለመድኳትን አልኩ፤ እንደ ኮሶ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የሚቀጥለዋን ጠራሁ።

ኮሶ እንዴት እንደሚጠጣ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ማታ ሳይበላ ይታደራል። በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከዚያ ኮሶው እስኪወርድ ድረስ እህል አይቀመስም፤ ቤት ተዘግቶ ይዋላል፣ እንግዳ ቢመጣ እንኳ ኮሶ ጠጥተዋል ተብሎ ይመለሳል። ከወረደ በኋላ ነው ማርከሻ የሚበላ። ይህን እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ፣ ግን ለአራት ወር ሕፃን ማን ያስበዋል? ጥሩዬ አሰበችው። አማቷ እማማ ዘውዲቱ አሰቡት። ወግ አዋቂ ሰው ናቸው፤ መድኃኒት በሥርዓቱ ካልተወሰደ እንደሚያጠፋ ያውቃሉ።

በሳምንቱ አዲሴ ስትመጣ ታለቅሳለች። ስንቱ ሕፃን ያለቅሳል፣ መርፌውን አስታውሳ ነው ብዬ ሳቅሁ። ብልቃጡን በእጄ አሟሙቼ ለማዛል አቀበልኳት። ልጅቷ ጠብታውን እንዴት እንደላሰችው! ምላሷን አውጥታ ሌላ ፈለገች። ማዛል ይህቺ ትወደዋለች አለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጡት ያልቀመሰች ልጅ መሆኗን ማናችንም አላወቅንም። ሌላዋ እናት ስትገባ ማዛል ዐይን ዐይኔን አየችና በአገጯ ወደ ጥሩዬ ጠቆመችኝ፣ አስነግሪያት ማለቷ ነው። እኔ ነግራኛለች የሚል ምልክት ሰጠሁ። ውሸቴን ነው።

ያ ቀን ሻራቩ፣ ያ የበረሃ ትኩስ ነፋስ፣ የጀመረበት ነው። ቤቱ ተዘግቶ ተዋለ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሁለት ሦስት ቀን ሳይጸዳዳ ሊቆይ ይችላል፤ እነሱ ግን እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ጥሩዬ ጡቷ አብጦ እያለቀሰች፣ እማማ ዘውዲቱ ቻይው ልጄ፣ ለእሷ ነው እያሏት፣ በማንኪያ ውሃ የአዲሴን ከንፈር ብቻ እያረጠቡ ማግስቱ ቀትር ሆነ። ከላይኛው ፎቅ ያለች የሞሮኮ ሴት የልጅቷ ለቅሶ ሲደክም ሰምታ በሩን ደበደበች። አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት።

ማዛል መኪናዋን አስነስታ እኔን ጭና ወደ ሆስፒታሉ ነዳች። አዲሴ ትንሽ እጇ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶባት ተኝታለች፤ የጭንቅላቷ እርግብግቢት ጎድጉዷል። ሐኪሙ በሰዓቱ ደርሳለች፣ ትተርፋለች አለ። ጥሩዬ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም።

«እቴ ውባለም፣ እንደ ኮሶ ነው አላልሽኝም?» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማዛል ምን አለችሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ኮሶ ምንድን ነው አለች። እዚያው ኮሪደሩ ላይ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ማታ ሳይበላ ይታደራል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ እስኪወርድ እህል አይቀመስም። እየተናገርኩ ነው የራሴን ድምፅ የሰማሁት። አፌን በእጄ ያዝኩ። ማዛል «አንቺ የምትነግሪያቸውን እኔም አንድ ቀን መልሰሽ ንገሪኝ አላልኩሽም» አለችኝ። ለበላይ በጻፈችው የጥፋት ሪፖርት ላይ ከእኔ ስም በላይ የራሷን ስም ጻፈች።

አዲሴ ዳነች፤ በአራተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ጥሩዬ ግን ወደ ጣቢያው አልተመለሰችም። ልጅቷ ገና የሚቀራት ጠብታ አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወስዳ የቀረች ልጅ አንጀቷ ትምህርቱን አልጨረሰም። ማዛል በካርድ መሳቢያዋ ውስጥ ሌላ ልማድ ነበራት፤ የመጣ ልጅ ካርድ ይተኛል፣ የቀረ ልጅ ካርድ በቁመቱ ይቆማል። የአዲሴ ካርድ ቆመ። መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር ፊት ለፊቴ ነው።

በራቸውን አንኳኳሁ፣ ደጋግሜ። እማማ ዘውዲቱ በሩን ገርበብ አድርገው ይቆሙና ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል። ቀጠሮው አልፏል እላለሁ። እሺ ይሉኛል። ደረጃውን እወርዳለሁ። አንድ ቀን ማዛል፣ አንቺ የምትሄጂው ስለ ቀጠሮ ለመናገር ነው፣ እሷ የምትጠብቀው ግን ሌላ ነገር ነው አለችኝ። ተቆጣሁ። በእኛ ወግ የበደለ ሰው ራሱ ሄዶ አይቀባጥርም፣ ሽማግሌ ይልካል አልኳት። ላክሁም፤ የምናከብራቸውን አንድ ቄስ ላክሁ። ቄሱ ተመልሰው መጡና ከማንም አልተጣላንም ብለዋል አሉኝ። ከዚህ የባሰ መልስ የለም። የተጣላ ይታረቃል፣ ያልተጣላን በምን ታስታርቀዋለህ?

እንግዲህ በዚያ ክረምት ሥራ የሚሉትን ነገር ተማርኩ። ምሳሌ ተውኩ። መርፌው ነርቭን ይጠብቃል፣ ጠብታው አንጀትን ያስተምራል፣ ከፊቱም ከኋላውም አጥቢው፣ ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አልጨምርም። ከዚያ እቀመጥና አሁን አንቺ ንገሪኝ እላለሁ። አዛውንት ከሆኑም ይንገሩኝ እላለሁ። አንድ አያት ጊዜዬን አታባክኚ ብለው ተቆጥተውኝ፣ ቆይተው ግን እንደ ቅዳሴ አዚመው ከእኔ አብልጠው ነገሩኝ። ጥሩዬን ግን በየቀኑ አስባት ነበር። ወጣት እናት በሩን በከፈተች ቁጥር ቀና እላለሁ። ጥሩዬን እናፍቃት ነበር ስል እንደ ዘመድ ነው፤ እጄን ይዛ እቴ ስትለኝ የነበረውን ድምፅ።

ከዚያ እነ ጥሩዬ ከተማውን ለቀው ሄዱ። ባሏ ወደ ሐይፋ አካባቢ ሥራ አግኝቶ ነው አሉ። ቤቱ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት ራሴ አንኳኩቼ ነው። ለማዛል ስነግራት ካርዱን ታስተኛዋለች ወይም ትጥለዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። መሳቢያውን ከፍታ አየችው፤ እንደቆመ ተወችው።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ አዲሴ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ስልክ ተደወለ። ማዛል አነሳች። ከሰሜን የአንድ ጣቢያ ነርስ ናት፤ የሐዳሳን ካርድ ላኩልን፣ ጠብታዋን ልንሰጣት ነው ትላለች። ማዛል መሳቢያውን በእግሯ ሳብ አድርጋ ከፈተች። ነርሷ ቀጠለች፤ እናትየዋ አጠገቤ ናት፣ አንድ ነገር ትላለች፣ እኔ አልገባኝም፣ እዚያ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አለ? ማዛል ስልኩን ሰጠችኝ። በአንድ እጄ ገና ያልሟሟ ብልቃጥ ይዣለሁ።

«እቴ ውባለም ነሽ?»

«ነኝ።»

ሕፃን ከኋላ ይንተባተባል።

«አዲሴ ጠግባ ነው የመጣችው። ጠብታውን ከዋጠች በኋላም እዚሁ ተቀምጬ አጠባታለሁ። ስቀይርላት እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ልክ ነኝ?»

ማንም ንገሪኝ አላላትም። እኔ ሳልጠይቃት የቀረሁትን ከዚያ ሁሉ አገር ደውላ ነገረችኝ።

«ልክ ነሽ» አልኳት። ስልኩ ተዘጋ።

ማዛል ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ስንት ሺህ ቃል ተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያች ያስቸገረችኝ የለችም። ስጨርስላት ካርዱን ከቆመበት አወጣችና ፖስታው ውስጥ እኔ እንድከተው ሰጠችኝ። ብልቃጡ በእጄ ውስጥ ሟሙቶ ነበር። ቀጣይዋን እናት ጠራሁ።

ማዛል ከጥቂት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣች፤ አሁን በሕይወት የለችም። ጠብታውም አንድ ሰሞን ቀርቶ መርፌ ብቻ ሆኖ ነበር። ቆይቶ በሽታው በፍሳሽ ውሃ ውስጥ ተገኘ ተባለና፣ መርፌ የተወጉ ልጆች ሁሉ ጠብታ ይውሰዱ ተባለ። ያን ቀን ለማዛል መደወል እንዴት እንዳማረኝ! ዘበኛሽን መልሰው ጠሩት ልላት። ዛሬ የልጄ ሚስት ካርሜ ጋት ባለው አዲስ ፎቋ ተቀምጣ የልጇን ቀጠሮ በስልኳ ታነባለች፤ ሁሉም ተጽፎላታል፣ እኔን የሚጠይቅ የለም። ቢሆንም አሁን አንቺ ንገሪኝ እላታለሁ። ጀመረች ደግሞ ብላ ትስቅብኛለች፤ ትነግረኛለች ግን።

ጥሩዬን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። አዲሴ ዛሬ የልጆች እናት ትሆናለች። ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ በር አንኳኩቻለሁ፣ ቀጠሮ አስታውሻለሁ፤ በራሴ አፍ ግን ያቺን አንዲት ነገር አላልኳትም። ጥሩዬ፣ ይህን ጽሑፍ አግኝተሽው ወይም አዲሴ አንብባልሽ ከሆነ፣ በስልክ ልክ ነኝ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ልክ ነበርሽ። በዚያ በጋም ልክ ነበርሽ፤ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው። ልክ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።